ከርነሉ አማርኛ አይችልም

አሞራ ገደል በጠዋት ብትመጡ መጀመሪያ የሚቀበሏችሁ አባ ኮዳዎቹ ናቸው። መላጣ ራሳቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው፣ በረጃጅም እግራቸው ቆመው፣ ፋይሉ እንደጠፋበት ባለጉዳይ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ጀልባዎቹ ማታ የጣሉትን መረብ ሰብስበው ከሐዋሳ ሐይቅ ሲመለሱ፣ ልጆቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን በስለት ሲገላልጡት፣ አንጀቱ ወደ ዳር ሲወረወር ያኔ ነው ነፍስ የሚዘሩት። ከዚያ በፊት ንቅንቅ የለም።

ባለፈው ክረምት እዚያ ዛፍ ሥር ላፕቶፕ ታቅፌ ስቀመጥ ከረምኩ። ለዓሣው አልነበረም። ቤት ውስጥ፣ አባዬ ፊት መሸነፍ ስላልፈለግኩ ነው።

አባዬ ጸሐፊ ነበር። የልብ ወለድ ሳይሆን የማመልከቻ ጸሐፊ። እዚሁ ሐዋሳ፣ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ተክሎ፣ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና የሰው አቤቱታ እየጻፈ ነው ያሳደገን። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታው። አእምሮው ደህና ነው፤ እኔ የረሳሁትን የጎረቤት ስም ሁሉ ያስታውሳል። የከበደው ምላሱና ግራ እጁ ነው። ሲናገር ቃሉ ይያያዝበታል። እኛ አብረነው ስለምንውል እንገምታለን። ዱባይ ያለችው እህቴ ግን በስልክ አትረዳውም። እሱ ይደጋግማል፤ እሷ «አባዬ፣ አልሰማሁህም» ትላለች፤ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ስልኩን እኔ እቀበላለሁ።

መልእክት እንዳይጽፍላት የስልኩ ፊደል ለጣቱ ጠበበው። መኪናው ከተሸጠ ቆይቷል፤ ቢኖርስ ወረቀቱ ዱባይ መቼ ይደርሳል? አንድ ቀን ግን ቀኝ እጁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ አየሁት። እየጻፈ ነበር። የሌለ መኪና ላይ፣ ድሮ በሚያውቀው ቦታ ድሮ የሚያውቀውን ቁልፍ ይመታል። ያኔ ነው አሮጌውን ላፕቶፔን የአባዬ ጽሕፈት መኪና ላደርገው የወሰንኩት። ሊኑክስ ጭኜበታለሁ፣ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ እችላለሁ። የአንድ ቅዳሜ ሥራ መሰለኝ።

ክረምቱን በላው። የበላው ደግሞ በአንዲት የሞኝ ጥያቄ ምክንያት ነው፦ አንድ ሰው ቁልፍ ሲመታ፣ «ሀ» የምትፈጠረው የት ላይ ነው? መልሱን ፍለጋ ስወርድ ስወርድ የኮምፒውተርን ታሪክም የፊደላችንን ታሪክም አንድ ላይ አገኘኋቸው።

*ሐይቁ፣ ጀልባውና ሳህኑ*

አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ልትበሉ ስትመጡ ሐይቁ ውስጥ አትገቡም። ሐይቁን የሚያውቀው ጀልባው ላይ ያለው ሰው ነው፤ መረቡ የት እንደተጣለ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ጉማሬው የት እንደሚውል የሱ ዕውቀት ነው። እናንተ ዳር ቆማችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ይሰጣችኋል። ሁሉም በላተኛ ራሱ ልዋኝ ቢል ከዓሣው ይልቅ የሚወጣው ሬሳ ይበዛ ነበር።

ኮምፒውተራችሁም ያው ነው። ሐይቁ ሃርድዌሩ ነው፦ ኪቦርዱ፣ ስክሪኑ፣ ካሜራው። ጀልባው ላይ ያለው ሰው ድራይቨር ይባላል፤ ከርነል በሚባለው የማሽኑ እምብርት ውስጥ ይኖራል፣ ሃርድዌሩን በቀጥታ መንካት የሚፈቀድለትም ለዚያ ክልል ብቻ ነው። ዳር ላይ ያለነው በላተኞች ደግሞ ተራ ፕሮግራሞች ነን፦ ብራውዘሩ፣ ቴሌግራሙ፣ እኔ ዛፍ ሥር ተቀምጬ የምጽፋት ኮተት። የኛ ሠፈር ዩዘር ስፔስ ይባላል፣ የተጠቃሚ ክልል እንበለው። በሁለቱ መካከል ግንብ አለ። ግንቡን ደግሞ የሚጠብቀው የፕሮግራመሮች ጨዋነት ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው። የተጠቃሚ ክልል ውስጥ ያለ ፕሮግራም የሃርድዌሩን በር ልንካ ቢል ፕሮሰሰሩ ያስቆመዋል።

ታዲያ ግንቡ ላይ መስኮት ያስፈልጋል። መስኮቱ ምን ይምሰል? የዚህ ጥያቄ መልስ ከሐምሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ በተባለ የምርምር ተቋም ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ የሚባል ሲስተም ጀመሩ። ከሐሳቦቻቸው ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ሲሰሙት ስንፍና ይመስላል፦ ለእያንዳንዱ ዕቃ አዲስ ቋንቋ ከመፍጠር ሁሉንም ፋይል ማስመሰል። ፋይል ክፈት፣ አንብብ፣ ጻፍ፣ ዝጋ፤ በቃ። ማተሚያውም ፋይል ነው፣ ዲስኩም፣ ሰው የሚጽፍበት ተርሚናልም። እነዚህ ልዩ ፋይሎች ዴቭ በሚባል አቃፊ ተቀመጡ። ስማቸው ፋይል ይሁን እንጂ ውስጣቸው የተከማቸ ነገር የለም፤ በር ናቸው። በሩ ላይ ሁለት ቁጥር ተለጥፏል። አንደኛው የትኛው ድራይቨር እንደሚጠራ ይናገራል፣ ሁለተኛው ድራይቨሩ ከያዛቸው ዕቃዎች የትኛው እንደሆነ። ፕሮግራሙ «አንብብ» ሲል ጥሪው ግንቡን ያቋርጣል፤ ከርነሉ ቁጥሩን አይቶ ለድራይቨሩ ያስተላልፋል፤ ድራይቨሩ ከዕቃው ያገኘውን ወደ ፕሮግራሙ ማስታወሻ ይገለብጥለታል። ይገለብጥለታል ነው ያልኩት። ፕሮግራሙ እጁን አያስገባም፤ ተሞልቶ ይሰጠዋል።

ችግሩ ሕይወት «ስጠኝ» እና «እንካ» ብቻ አለመሆኗ ነው። አሞራ ገደል ላይ «አንድ ቆሮሶ» ብሎ ነገር የለም። ለጉላሽ ይከተፍ? ጥሬውን ነው? ጭንቅላቱ ለሾርባ ይቀመጥ? እንዲህ ዓይነቱ ልዩ ትእዛዝ በንባብና በጽሑፍ አይነገርም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ ዕትም ለዚህ አንድ የጎን በር ከፈተ፤ «አይኦክትል» ይባላል። ለድራይቨሩ የትእዛዝ ቁጥር ይላክለታል፣ የቁጥሩን ትርጉም የሚያውቀው ራሱ ድራይቨሩ ነው። ጠቃሚ ነው፣ አስቀያሚም ነው። እያንዳንዱ ድራይቨር የራሱን የቁጥር መዝገብ ይዞ ይኖራልና። ግን እስከ ዛሬ አለ። የኔም ታሪክ በሱ በር ያልፋል።

ሌሎችም መስኮቶች አሉ፤ ለዛሬ በጨረፍታ ልለፋቸው። እንደ ቪዲዮ ብዙ የሆነ ነገር በባልዲ ሲገለበጥ ስለሚዘገይ ድራይቨሩ የማስታወሻውን አንድ ክፍል ለፕሮግራሙ በቀጥታ ሊያጋራው ይችላል። የባትሪያችሁ መቶኛ ዓይነት ትንንሽ ወሬ ደግሞ «ሲስ» በሚባል አቃፊ ውስጥ፣ አንድ ፋይል አንድ ቁጥር ተብሎ ይቀመጣል። ሊኑክስ ያላችሁ የባትሪውን ፋይል ከፍታችሁ አንብቡት፤ 73 ካለ 73 ነው።

*የመጠበቅ ጥበብ*

ወደ አባ ኮዳዎቹ ልመለስ። አሞራ ገደል ላይ ሁለት ዓይነት የሚጠብቅ አለ። አንዱ የምግብ ቤት ተላላኪ ልጅ ነው፤ በየደቂቃው ውኃው ዳር ይሮጥና «ጀልባ መጣ?» ይላል። አልመጣም። ይመለሳል። ደግሞ ይሮጣል። ሌላው አባ ኮዳው ነው። ቆሞ ያንቀላፋል፤ ቢላው ሲንቀሳቀስ ይነቃል።

ኪቦርድ የሚያነብ ፕሮግራም እንደ ልጁ ቢሆን ባትሪያችሁ እስከ ምሳ አይቆይም። ስለዚህ የተመረጠው የአባ ኮዳው መንገድ ነው። ፕሮግራሙ «አንብብ» ይላል፤ የሚነበብ ከሌለ ከርነሉ ያስተኛዋል። ከልብ ያስተኛዋል፤ ፕሮሰሰሩን አይነካም። ቁልፍ ሲመታ ሃርድዌሩ ኢንተራፕት የሚባል ጥሪ ያሰማል፤ ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ ለቅጽበት ያቋርጣል፤ ድራይቨሩ የመጣውን ይቀበልና የተኛውን ይቀሰቅሳል። በሁለት ፊደላት መካከል ያለችው የሰው ልጅ ቅጽበት ለማሽኑ ረጅም እንቅልፍ ናት።

ይኼ ሩቅ ነገር አይደለም። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክ እምብርቱ ሊኑክስ ነው። ይህን ጽሑፍ በጣታችሁ ወደ ላይ ስትገፉት፣ የንክኪ ድራይቨሩ የጣታችሁን ቦታ በቁጥር ጽፎ፣ ዴቭ ውስጥ «ኢንፑት» በሚባለው አቃፊ ባለች በር አሳልፎ ነው ላይ ለተኛው ፕሮግራም የሚነግረው።

*ፊንላንድኛ ብቻ የሚችለው ከርነል*

እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የራሱን ከርነል ጻፈ፤ የመጀመሪያዋን ዕትም በዚያው ዓመት መስከረም አካባቢ ኢንተርኔት ላይ አወጣት። ያቺ ዕትም ውስጥ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ፦ የኪቦርዱ ድራይቨር የተጻፈው ለፊንላንድ ኪቦርድ ነበር። ምርጫ የለም። የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚሰጥ የሚናገረው ሰንጠረዥ ከርነሉ ሆድ ውስጥ ተቀብሯል። ሌላ አገር ሆናችሁ ብትጭኑት በፊንላንድኛ ትጽፋላችሁ።

ሊኑስን አልወቅሰውም። ፊት ለፊቱ የነበረው ኪቦርድ ያ ነበር። ሰው ሲስተም ሲሠራ የራሱን ጠረጴዛ ነው መጀመሪያ የሚያየው። ግን ሌላው ዓለም ሲመጣ ችግሩ ወዲያው ታየ፣ ሰንጠረዡም ቀስ በቀስ ከከርነሉ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ በአይኦክትል በኩል ሌላ ሰንጠረዥ ከውጭ መጫን ተቻለ። ቀጥሎ ቮይቴክ ፓቭሊክ የተባለ ፕሮግራመር አዲስ የግብዓት ሥርዓት አመጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ በወጣው 2.6 የሊኑክስ ዕትም ኪቦርዱም ማውሱም ንክኪውም በአንድ መልክ መናገር ጀመሩ። መልኩ ቀላል ነው፦ ሰዓት፣ ዓይነት፣ ኮድ፣ ዋጋ። የላቲኗ «ኤ» የተጻፈባት ቁልፍ ኮዷ 30 ነው። ዋጋው 1 ከሆነ ተመታች፣ 0 ከሆነ ተለቀቀች፣ 2 ከሆነ ጣት እንደተጫናት ነው።

እንግዲህ በዚህ መንገድ ድራይቨሩ «ኤ» አይልም። «ቁልፍ 30 ተመታች» ይላል፣ ይተኛል። ፊደሉ የሚወለደው ከግንቡ ወዲህ፣ በተጠቃሚ ክልል ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን ከላፕቶፑ ቀና ብዬ ሐይቁን ሳይ ቆየሁ። ከርነሉ አማርኛ አይችልም። እንግሊዝኛም አይችልም። የሚያውቀው ጣትን ነው።

*ፊደል ቦታ ስታጣ*

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ፤ የፊደላችን ታሪክ በትክክል የዚህ ግንብ ታሪክ ነውና።

በጽሕፈት መኪና ዘመን ግንብ ብሎ ነገር አልነበረም። ጣት ቁልፉን፣ ቁልፉ ብረቱን፣ ብረቱ ወረቀቱን። ፊደሉ የሚኖረው ብረቱ ላይ ነው። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩ የገጠማቸው ጥያቄ የሒሳብ ጥያቄ ነበር፦ 33 ፊደል በ7 ዓይነት 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ደግሞ ይበልጣል። አንድ ተራ መኪና የሚይዘው ቅርጽ ግን መቶ አይሞላም። መፍትሔው ፊደሉን መበታተን ሆነ። ግንዱን ምቱ፣ ከዚያ የካዕቡን ወይም የሳልሱን ምልክት ቀጥሉበት። በመኪና የተጻፈ አሮጌ ደብዳቤ ካያችሁ፣ ቅጥያዎቹ ከግንዱ ትንሽ ርቀው ወይም ወርደው ታገኟቸዋላችሁ። አባዬ ያንን ክፍተት በዓይኑ ሳይሆን በጣቱ ያውቀው ነበር።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ በዶስ ዘመን፣ ውጭ አገር የነበሩ ኢትዮጵያውያን ፊደሉን ማሽን ላይ ማስፈር ጀመሩ። ዶ/ር አበራ ሞላ ሞድኢትን ሠሩ፤ ፍሥሐ አጥላው ዳሽን ኢንጂነሪንግ በሚል ስም የራሳቸውን የግዕዝ መጻፊያ አዘጋጁ። ዶስ ደግሞ ግንብ የሌለው አገር ነው። ማንኛውም ፕሮግራም ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ይችላል። የኪቦርዱን ኢንተራፕት ከባለቤቱ ነጥቆ ራሱ መቀበል፣ የስክሪኑን ማስታወሻ በቀጥታ መጻፍ፣ የፊደሎቹን ቅርጽ መለወጥ፤ ከልካይ የለም። ነፃነቱ ባይኖር አማርኛ ያኔ ስክሪን ላይ ባልታየ ነበር። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ አንዱ ፕሮግራም የሠራውን ሌላው አያውቀውም። አማርኛ የምትኖረው በያንዳንዱ ፕሮግራም ጓዳ ውስጥ፣ ለየብቻዋ ነበር።

በዊንዶውስ ዘመንም ሒሳቡ አሳደደን። አንድ ባይት 256 ቦታ አለው፤ የኛ ፊደል ከላቲን ጋር ሆኖ አይበቃውም። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው ገጣጠመው። በፎንቶቹ ውስጥ የተቀመጠው እውነተኛ ኮድ የላቲን ነበር፤ ፎንቱ ነው የአማርኛ ልብስ የሚያለብሰው። እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየቢሮው የገቡበት ዘመን ነው። አገር የሚያህል ሥራ ተሠራ፤ ጋዜጣ፣ መጽሐፍ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ወጣ። ግን ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ የተከፈተ ፋይል የሰከረ ላቲን ሆኖ ይታይ ነበር። አባዬን ከሥራ ያስወጣው ኮምፒውተር ሲሆን፣ አንድ ዓመት ሊለምደው ሞክሯል። አንድ ቤት ያስጻፈውን አቤቱታ ሌላ ቤት ሊያሳትም ሄዶ፣ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ፊደል ፍርስራሽ ተሞልቶ ወጣለት። «ይኼ ማሽን የነገርኩትን አይደለም የሚያስታውሰው» አለ። ሁለተኛ አልሄደም። ትክክል ነበር። ማሽኑ የሚያስታውሰው የላቲን ቁጥር ነበር።

እነ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሴራ የሚባል ሥርዓት አወጡ፤ አማርኛን ማንም ማሽን በሚያነበው ተራ የላቲን ፊደል ግልጽ ሕግ አበጅቶ መጻፊያ ነው። ዛሬ ስልካችሁ ላይ «ኤስ»ና «ኢ» ነክታችሁ «ሰ» ስታገኙ የሠራላችሁ የዚሁ ዓይነት ሐሳብ ነው። ትልቁ ቀን ግን እ.ኤ.አ. መስከረም 1999 ነው። ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ የግዕዝ ፊደል ውስጡ ነበር፤ ለዚያ ከደከሙት መካከል ፍሥሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ ይገኙበታል። «ሀ» የራሷን ቁጥር አገኘች፤ በአሥር ቤት ሲቆጠር 4608። «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610። ቤተሰቡ በተራ ተቀመጠ። የማንም ልብስ አያስፈልጋትም፣ የትኛውም ማሽን ላይ 4608 «ሀ» ናት። ቁጥሩ በፋይል ሲቀመጥ የሚከተለውን ሥርዓት፣ ዩቲኤፍ 8ን፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ከሮብ ፓይክ ጋር የነደፈው ደግሞ ያው የዩኒክሱ ኬን ቶምፕሰን ነው። በሱ ሥርዓት እያንዳንዷ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ትይዛለች።

ታዲያ በዚህ በኩል ቁልፍ 30፣ በዚያ በኩል ፊደል 4608። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው መንገድ ነው ክረምቱን የበላው።

*በሩ ላይ*

የመጀመሪያ ፕሮግራሜ የኪቦርዱን በር ለመክፈት ሞከረች። ከርነሉ «አይፈቀድም» አላት። ተናደድኩ። የራሴ ኪቦርድ፣ የራሴ ላፕቶፕ!

ከዚያ አሰብኩት። ያንን በር ከፍቶ ማንበብ የሚችል ፕሮግራም ሁሉ የምትመቱትን እያንዳንዱን ቁልፍ ያያል። የይለፍ ቃላችሁን፣ ለፍቅረኛችሁ የጻፋችሁትን፣ ጽፋችሁ ያጠፋችሁትን ጭምር። ይኼ ደግሞ የፊልም ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ሲትዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ቡድን፣ ውጭ አገር ያሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለ የጣሊያን ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ መደረጋቸውን አውጥቷል። እንዲህ ዓይነቱ ሶፍትዌር ከሚሠራው አንዱ የተመታውን ቁልፍ መቅዳት ነው። የኮምፒውተር ግንብ ለኛ ትውልድ የቴክኒክ ወሬ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው። በሩ ሲከለክለኝ እኔን ሳይሆን እኔን የሚመስለውን ሁሉ ነው የከለከለው። እንደ ማሽኑ ባለቤት ፈቃዱን ሰጥቼ ገባሁ።

የአባዬ ጣት ይከብዳል። አንድ ቁልፍ ላይ ሲያርፍ ቶሎ አይነሳም፤ ስክሪኑ ላይ «ሰሰሰሰሰሰ» ይሞላል፣ እሱም ይሸማቀቃል። ስለዚህ ፕሮግራሜ ቁልፉን በአይኦክትል ለብቻዋ እንድትይዝ፣ ሌላ ማንም እንዳያየው አደረግሁ። 1 ሲመጣ ወዲያው መትታ ወዲያው እንድትለቅ፣ 2ን እንድትጥል። የተጣራውን ደግሞ «ዩኢንፑት» በሚባል ሌላ በር መልሳ ለከርነሉ እንድታቀብል፤ ይህ በር ተራ ፕሮግራም ኪቦርድ መስሎ እንዲናገር የሚፈቅድ ነው።

አስነሳኋት። ስክሪኑ ባዶ መስመር በባዶ መስመር ላይ እየደረበ ይሸሽ ጀመር። ሰዓታት ፈጀብኝ። ለካ ፕሮግራሟን ያስነሳሁት ኢንተርን መትቼ ነው፤ ጣቴ ሳይነሳ ኪቦርዱን ያዘችው፤ ሌላው ዓለም «ኢንተር ተመታ» የሚለውን ሰማ፣ «ተለቀቀ» የሚለውን ግን አልሰማም። ለዚያ ሁሉ ፕሮግራም እኔ አሁንም ኢንተር ላይ ተኝቻለሁ። ማቆሚያ ልመታ ብል ኪቦርዱ የለም። ማጥፊያውን ተጭኜ ገደልኩት። ዓሣ የሚገልጠው ልጅ «ተበላሸ እንዴ ወንድም?» አለኝ። ዝም አልኩት።

ቀጥሎ የመጣው ግድግዳ ይበልጥ ከባድ ነበር። በዩኢንፑት በኩል «ሀ»ን ልላክ አልኩ። አይላክም። ያ በር የሚቀበለው የቁልፍ ቁጥር ብቻ ነው፣ «ሀ» የምትባል ቁልፍ ደግሞ የለችም። ዓለም ላይ ያሉትን ፊደላት ሁሉ ከርነሉ ይሸከም ቢባል ሊኑስ ከፊንላንድኛው ጀምሮ የወጣበትን ጉድጓድ መልሶ መግባት ነው። አማርኛ ታች አትኖርም። ላይ ነው መፈለግ ያለባት።

ላይ ሳያት ቀላል ሆና ተገኘች። ኤም17ኤን የሚባል የግብዓት ሥርዓት አለ፤ ሰንጠረዦቹ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው፣ በሴራ የተሠራ የአማርኛ ሰንጠረዥ ከነሱ ጋር ይመጣል። እሱን አስመስዬ የአባዬን ጻፍኩ። አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ጠረጴዛው ላይ እያሳየኝ፤ «ለ» እዚህ፣ «መ» እዚህ፣ የካዕቡ ምልክት ቀኝ ጫፍ። ግንዱን ከመታ በኋላ ምልክቱን ሲመታ ሰንጠረዡ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። መኪናው በብረት ይገጣጥመው የነበረውን ዩኒኮዱ በቁጥር ይገጥመዋል፣ ክፍተት ሳይተው።

እንዲህ ተከፋፈለ። የእጁ ጉዳይ ታች፣ በሩ ላይ። የቋንቋው ጉዳይ ላይ፣ በሰንጠረዡ። እውነቱን ልናገር፤ የታችኛውን ግማሽ ከጨረስኩ በኋላ ነው የዴስክቶፑ ማስተካከያ ውስጥ የቁልፍ ድግግሞሽን የሚያጠፋ ምርጫ እንዳለ ያየሁት። ሁለት ክሊክ። ለአባዬ አልነገርኩትም።

*ነጥቦቹ*

ነሐሴ ውስጥ ነው ላፕቶፑን ፊቱ ያስቀመጥኩለት። ቀኝ እጁን አነሳ። መጀመሪያ የጻፈው «ቀን» ነው። ቀጥሎ «ለ»። ቀጥሎ «ጉዳዩ»። ለልጁ በቴሌግራም የሚልከውን መልእክት እንደ ማመልከቻ ጀመረው። ሳቅኩ፣ እሱም ባልተመታው ጉንጩ ሳቀ።

ከዚያ ቆመና ቁልፎቹን ፈለገ። በተያያዘ ምላሱ አንድ ነገር አለ፤ በሦስተኛው ገባኝ፦ «ሁለት ነጥቧስ?»

ረስቻታለሁ። መኪናው ላይ አራት ነጥብ የሚጽፈው ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቶ ነበር። ኢንተርኔት ላይ በየቦታው የምታዩት ያ «፡፡»። ለኔ ስሕተት ነው፤ ዩኒኮድ ውስጥ «።» የራሷ ቁጥር አላት። ሁለቴ ሲመታ ሰንጠረዡ ወደ ትክክለኛዋ አራት ነጥብ እንዲለውጠው አንድ መስመር ጨመርኩ። ሞከረው። አየው። ራሱን ነቀነቀ። «የኔ አይደለም» አለ። ይህን ጥርት አድርጎ ነው ያለው።

ከርነል ጸሐፊዎች አንድ የቆየ መርሕ አላቸው፦ ድራይቨር የሚቻለውን ያቅርብ፣ ምን ይደረግ የሚለውን ግን ላይ ላለው ይተው። ክረምቱን ሙሉ ሳነበው የከረምኩት ነው። መስመሩን አጠፋሁት።

መልእክቱ ሰባት መስመር ነበር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ምን እንዳላት የነሱ ነው። እህቴ ማታ ደወለችልኝ። እኔ ጽፌለት እንደሆነ ልትጠይቅ መስሎኝ ነበር፤ አልጠየቀችም። «ራሱ ነው የጻፈው አይደል?» አለች፣ እያወቀችው። እንዴት አወቅሽ አልኳት።

«በነጥቦቹ» አለችኝ።